የባለሱቁ አባወራ መታሰቢያ በትንሽ ከተማ

በትንሽ ከተማ ባለሱቅ ሲያርፍ ሐዘኑ ከቤተሰቡ አልፎ የሰፈሩ ሁሉ ይሆናል። ሚስት ባሏን፣ ልጆች አባታቸውን፣ ጎረቤት ደግሞ ዘይትና ስኳር በዱቤ ሰጥቶ ደመወዝ እስኪወጣ የሚታገሥ ደራሽ ያጣሉ። በቀብሩ ዕለት አጎራባች ሱቆች ይዘጋሉ። እድሩ ድንኳን ይተክላል፣ ወንበርና ድስት ያቀርባል፣ ለቤተሰቡም በደንቡ የተወሰነውን ገንዘብ ይሰጣል። ሟቹ የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አማኝ ከሆነ ፍትሐት ይደረግለታል፤ የሕይወት ታሪኩም ይነበባል። ከዚያ ሰልስት፣ አርባና ሙት ዓመት ይከተላሉ፤ ተዝካሩም እንደ ቤተሰቡ አቅም ይወጣል።

ለቅሶው ጋብ ሲል የዱቤው ደብተር ይገለጣል። በእርሳስ ከተጻፈው ስም አጠገብ የጤፍና የሳሙና ሒሳብ ሰፍሯል። ደግነቱን የማይረሳ ባለዕዳ ሳይጠየቅ መጥቶ ይከፍላል፤ ይህም ራሱ መታሰቢያ ነው።

በሕግ በኩል፣ በትዳር ውስጥ የተፈራ ሀብት የጋራ በመሆኑ ግማሹ የሚስት ነው። የሟቹ ድርሻ ግን ኑዛዜ ከሌለ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ለልጆች እኩል ይደርሳል። ስለዚህ ቤተሰቡ ሱቁን ከመከፋፈሉ በፊት በሽማግሌ ፊት ሊመክር ይገባል። በአባት ሚዛንና ታማኝነት የሚቀጥል ሱቅ ከሐውልት ይበልጣል።