ለሁለት ብቻ የሆነ ምሽት፦ እራትና አይስክሬም ለትዳር ምን ይጠቅማሉ?

በቅድሚያ አንድ ጥያቄ እናቅርብላችሁ። ልጆች ሳይኖሩ፥ እንግዳ ሳይመጣ፥ ስልክ ሳይጮኽ ከትዳር ጓደኛችሁ ጋር ለብቻችሁ ተቀምጣችሁ እራት የበላችሁት ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ነው? ወዲያው ትዝ ካላችሁ ደስ ይላል። ካልታወሳችሁ ግን ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው።

በብዙ ቤት የባልና የሚስት ንግግር እንዲህ ነው፦ «የልጁ ትምህርት ቤት ክፍያ ደርሷል።» «የመብራት ካርድ ሞላህ?» «ነገ ለቅሶ መድረስ አለብን።» እነዚህ ሁሉ መነገር ያለባቸው ጉዳዮች ናቸው። ነገር ግን ሌላ ንግግር ከሌለ ባልና ሚስት አንድ መሥሪያ ቤት የሚያስተዳድሩ ሁለት ሠራተኞች ይመስላሉ። አደጋው ልጆች ትንንሽ ሳሉ አይታይም። ልጆቹ አድገው ከቤት ሲወጡ ግን በገበታው ዙሪያ የቀሩት ሁለት ሰዎች የሚነጋገሩበት ነገር ያጣሉ።

በቤተ ክርስቲያን ለሚያገለግሉ ደግሞ ይብሳል። ረቡዕ ጸሎት፥ ዓርብ የመዘምራን ልምምድ፥ ቅዳሜ ሠርግ ወይም ለቅሶ፥ እሁድ አምልኮ አለ። ሁሉም መልካም ነው። ይሁን እንጂ ለሁለታቸው የተመደበ አንድ ምሽት በፕሮግራሙ ውስጥ የለም።

ይህ የዓለም ልማድ አይደለምን?

አንዳንድ ወገኖች «ወልደን ከብደን ደግሞ ሽርሽር? ሰው ምን ይለናል?» ይላሉ። እስቲ ዘፍጥረት 26፥8ን ተመልከቱ። ይስሐቅ በጌራራ ሳለ ርብቃን «እህቴ ናት» ብሎ ነበር። ንጉሡ አቢሜሌክ ባልና ሚስት መሆናቸውን ያወቀው በመስኮት ሲመለከት አብረው ሲጫወቱ ስላያቸው ነው። እኛንስ አንድ ሰው በመስኮት ቢያየን ባልና ሚስት መሆናችንን ያውቅ ይሆን? በዘዳግም 24፥5 ደግሞ አዲስ ያገባ ሰው ሚስቱን ደስ እንዲያሰኝ አንድ ዓመት ከጦርነት ነፃ ይደረግ እንደ ነበር እናነባለን። ለትዳር ጊዜ መስጠት እንግዲህ ከባዕድ የመጣ ነገር አይደለም።

ጥናቶች ምን ያሳያሉ?

በእንግሊዝ አገር ሜሪጅ ፋውንዴሽን የተባለ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2016 አንድ ጥናት አውጥቶ ነበር። ጥናቱ በ2000ዎቹ መጀመሪያ ልጅ የወለዱ ወደ 10,000 የሚጠጉ ጥንዶችን ይመለከታል። በወር አንድ ጊዜ ያህል ለብቻቸው የሚወጡ ባለትዳሮች እምብዛም ከማይወጡት ይልቅ የመለያየት ዕድላቸው በ14 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኝቷል። የሚገርመው፥ በየሳምንቱ መውጣት ከዚህ የበለጠ ጥቅም አላሳየም። መውጣቱ ብቻውን ትዳርን ያድናል ማለት አይደለም፤ ቀድሞውኑ የሚዋደዱ ሰዎች አብረው መውጣት ይወዳሉና። ሆኖም በወር አንድ ምሽት ለብዙዎቻችን የሚቻል ነው።

እንዴት እንጀምር?

1. ቀኑን ቁረጡ። «ሲመቸን እንወጣለን» ያሉ ባለትዳሮች ብዙ ጊዜ ሳይወጡ ይቀራሉ። ለምሳሌ ደመወዝ ከተቀበላችሁ በኋላ ያለውን የመጀመሪያ ቅዳሜ ያዙት። ልጆቹን አያት ወይም አክስት ትጠብቅላችሁ፤ እናንተም በተራችሁ የሌላውን ልጆች ጠብቁ። በውጭ አገር የምትኖሩና አንዳችሁ ቀን፥ አንዳችሁ ሌሊት የምትሠሩ ከሆነ ምሽቱ በምሳ ሰዓት ቢተካ ምንም አይደለም።

2. በአቅማችሁ ውጡ። የምታወጡትን ገንዘብ ከቤት ሳትወጡ ተስማሙበት፤ አለዚያ ሒሳቡ ሲመጣ ደስታው ወደ ጭቅጭቅ ይለወጣል። አንድ በያይነቱ ለሁለት ይበቃል። እርሱም ከከበደ እራቱን ቤት በልታችሁ ለአይስክሬም ብቻ ውጡ።

3. የቤቱን ጉዳይ ቤት ተዉት። ክፍያ፥ የዘመድ ቅሬታ፥ የቤተ ክርስቲያን ስብሰባ ለሌላ ቀን ይቆይ። ስልኮቹ ከገበታው ይነሱ። በምትኩ «በዚህ ወር ምን ደስ አሰኘሽ?» «ምን ከበደህ?» ብላችሁ ተጠያየቁ፤ መልሱንም ሳታቋርጡ ስሙ።

4. ከእራት በኋላ ቦታ ለውጡ። የአይስክሬም ጥቅም እዚህ ላይ ነው። እራት ለረሃብ ይበላል፤ ሲያልቅ ሰው ወደ ቤቱ ይጣደፋል። አይስክሬም ግን ለጥጋብ የሚበላ አይደለም፤ ሌላ ግማሽ ሰዓት አብራችሁ እንድትቆዩ ምክንያት ይሆናችኋል። እስከ ኬክ ቤቱ በእግር ሂዱ። ፊት ለፊት ተቀምጠው ለመናገር የሚከብድ ነገር ጎን ለጎን ሲራመዱ ይቀልላል። አንዳችሁ ቸኮሌት፥ ሌላችሁ እንጆሪ እዘዙና ተቃመሱ። ጉርሻ የባህላችን የፍቅር ምልክት አይደለምን? የስኳር ሕመም ያለበት ካለ በሻይም ይሆናል፤ ቁም ነገሩ አብሮ መቆየቱ ነው።

5. አንዳንዴ አዲስ ነገር ሞክሩ። እ.ኤ.አ. በ1993 በታተመ ጥናት 53 ባለትዳሮች ለ10 ሳምንታት ተፈትነው ነበር። በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ልብን የሚያነቃቃ ነገር አብረው ያደረጉት፥ ደስ የሚል ግን የተለመደ ነገር ካደረጉት ይልቅ በትዳራቸው ያላቸው እርካታ ጨምሮ ተገኝቷል። ስለዚህ ሁልጊዜ ወደ አንድ ምግብ ቤት አትሂዱ። ያላያችሁትን ሰፈር እዩ፤ ያልቀመሳችሁትን ቅመሱ።

አንድ ማሳሰቢያ አለን። በቤት ውስጥ ድብደባ፥ ክህደት ወይም የቆየ ቂም ካለ እራትና አይስክሬም መፍትሔ አይሆኑም። እንዲህ ያለውን ሸፍናችሁ አትለፉ፤ ለምታምኑት መጋቢ፥ ሽማግሌ ወይም የትዳር አማካሪ ንገሩ። ጉዳት የሚደርስበት ሰው ካለ ደግሞ ከሁሉ በፊት ወደ ደኅና ቦታ ይሂድ።

ለቀሩት ግን ነገሩ ቀላል ነው። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ የቀን መቁጠሪያውን አውጡና የዚህን ወር ምሽት አብራችሁ ምረጡ። ጌታ ትዳራችሁን ይባርክ!