ሦስተኛው ተጫዋች ማን ነው?

የስኳሽ የዓለም የቡድን ሻምፒዮና በመጣ ቁጥር የአሰላለፍ ዝርዝሩን ስመለከት ዓይኔ ቀድሞ የሚያርፈው ሦስተኛው ስም ላይ ነው። አገር ከአገር ሲገናኝ ሦስት ሦስት ሰው ይሰለፋል፤ አንደኛው ከአንደኛው፣ ሁለተኛው ከሁለተኛው፣ ሦስተኛው ከሦስተኛው ይጋጠማል። ሁለት ጨዋታ ያሸነፈ ያልፋል። የዓለም ቁጥር አንድ ያለው አገርም ቢሆን ከእሱ የሚያገኘው አንድ ነጥብ ብቻ ነው።

በዚህ ደንብ እንደ ግብፅ የተጠቀመ የለም። ወንዶቹ የመጀመሪያውን ዋንጫ ያነሱት እ.ኤ.አ. በ1999 እዚያው ካይሮ ላይ ዌልስን 2 ለ 1 ረትተው ነው። ከዚያ አሥር ዓመት ጠበቁ። በ2009 ዴንማርክ፣ ኦደንሴ ላይ ዋንጫውን ሲያስመልሱ ግን ካሪም ዳርዊሽ፣ ራሚ አሹርና አምር ሻባና በአንድ ቡድን ውስጥ ነበሩ። ሦስቱም በየተራቸው የዓለም አንደኛ የሆኑ ሰዎች ናቸው፤ ታዲያ ከእነዚህ ማን ሦስተኛ ይባላል? በ2013 ፈረንሳይ ውስጥ እንግሊዝ ዋንጫውን ነጠቀቻቸው እንጂ 2011፣ 2017፣ 2019፣ 2023 እና 2024 የእነሱ ነው። ሴቶቹ ደግሞ ከ2016 ወዲህ ዋንጫውን ለማንም አላስነኩም።

የእነዚህ ተጫዋቾች ምንጭ የካይሮና የእስክንድርያ ክለቦች ናቸው። ታዳጊው የሚለማመደው ሻምፒዮኑ ከሚለማመድበት ሜዳ ጎን ነው። ሁለት ቢጫ ነጥብ ያለባት ትንሿ ጥቁር የጎማ ኳስ በምት ካልሞቀች አትነጥርም፤ ልጁ ትልልቆቹ እንዴት እንደሚያሞቋት፣ ከዚያም ጥግ ላይ እንዴት እንደሚገድሏት ከሜዳው የመስታወት ግድግዳ ጀርባ ቆሞ ያያል። በ1996 በጊዛ ፒራሚዶች አጠገብ የመስታወት ሜዳ ተተክሎ የ19 ዓመቱ ግብፃዊ አህመድ ባራዳ በዚያ በተካሄደው ውድድር ለፍጻሜ ሲደርስ ስፖርቱ ከክለብ አጥር ወጥቶ የአገር ወሬ ሆነ። የክለብ አባልነት ገንዘብ ይጠይቃልና የሁሉም ልጅ ዕድል ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ፓኪስታንን ያየ ይህን ተተኪ የማፍራት ልማድ በቀላሉ አይመለከተውም። ከፔሻዋር አጠገብ ካለችው ናዋ ኪሊ መንደር የወጡት ኻን የሚባሉ ተጫዋቾች፣ በኋላም እነ ጃሃንጊርና ጃንሺር፣ ስኳሽን ለዓመታት ገዝተውታል። አገሪቱ ከ1977 እስከ 1993 ስድስት ጊዜ የቡድን ዋንጫ ወሰደች። የእነሱ ዘመን ሲያበቃ ተተኪ ጠፋ፤ ሰባተኛው ዋንጫም አልመጣም።

በ2028 ሎስ አንጀለስ ላይ ስኳሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ይገባል። የተፈቀደው የነጠላ ውድድር ብቻ መሆኑ ግን ያናድደኛል፤ ግብፅን ግብፅ ያደረገው ሦስተኛው ሰው እዚያ ቦታ የለውም።