ብዙ ቤተ ሰብ ይዞ ለሽርሽር የሚመጣ እንግዳ በሸጎሌ እንዴት ይደር?

የገና በዓል ሲቃረብ ወደ አዲስ አበባ የሚገባው እንግዳ ከሌላው ጊዜ የበዛ መሆኑን በንግድ ሥራ ላይ ያለ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ቀድሞ ከጠቅላይ ግዛቱም ሆነ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ሰው አመጣጡ ዘመድ ለመጠየቅ፥ ጠበል ለመጠመቅ ወይም ዕቃ ለመግዛት ነበር። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ግን ሌላ ምክንያት ተጨምሮበታል፤ ይኸውም ልጆችን ፓርክ ለማሳየት ነው። ታዲያ ዘመዱም ፓርኩም በአንድ ጉዞ እንዲታዩ የሚመጣው ሰው ብቻውን አይመጣም፤ አያትና የልጅ ልጅ፥ እኅትና ወንድም፥ አማችና ምራት ሆኖ ይመጣል። እንዲህ ያለውን ቤተ ሰብ የት ማሳደር እንደሚገባ ማሰብ የእንግዳው ብቻ ሳይሆን የነጋዴውም ጉዳይ ነው።

በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ የተሠራው አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍቷል። ስፋቱ 40 ሄክታር ያህል ሲሆን፥ ጥንታውያኑ የዳግማዊ ምኒልክ ቤቶች፥ የዙፋን ችሎቱና ጥቁር ጎፈር ያላቸው አንበሶች በአንድ ግቢ ይታያሉ። ከዓመት በኋላ በመስከረም 2013 ዓ.ም. እንጦጦ ፓርክ ተመረቀ። በዚያ ባሕር ዛፍ በሸፈነው ተራራ ላይ የእግር መንገድ፥ የፈረስ ግልቢያ፥ በገመድ ላይ ተንሸራቶ ማለፊያና ለልጆች የሚሆን ልዩ ልዩ መጫወቻ አለ። ከከተማው ሰሜናዊ ምዕራብ ደግሞ 705 ሄክታር የሚሰፋው የጉለሌ የዕፅዋት ማእከል ይገኛል። እንጦጦም የዕፅዋቱም ማእከል ለሸጎሌ ቅርብ ናቸው።

የዐሥራ ሁለት ነፍስ ሒሳብ

ነገሩን በግልጽ ለማስረዳት ዐሥራ ሁለት ነፍስ ያለበት አንድ ቤተ ሰብ ይታሰብ። ወንዱ ልጅ ከሚስቱና ከሦስት ልጆቹ ጋራ ከዋሽንግተን ይመጣል፤ ሴቷ ልጅ ከባልዋና ከአራት ልጆችዋ ጋራ ከደብረ ብርሃን ትመጣለች፤ ዐሥራ ሁለተኛዋ እናታቸው ናቸው። ልጆቹ እስከ ዛሬ የሚተዋወቁት በስልክ ብቻ ነው። አያታቸው ጉልበታቸው ደክሟል፤ ደረጃ መውጣት አይሆንላቸውም። የአራት ሌሊት ጊዜ ብቻ አላቸው። ከዚህ በኋላ ሁሉም በአንድነት የሚገናኙበት ቀን ይመጣ እንደሆነ የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው።

የሆቴል ሥራ ለአገራችን አዲስ አይደለም። እቴጌ ጣይቱ ያቋቋሙትና ዛሬም በስማቸው የሚጠራው ሆቴል በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ነው። ይሁን እንጂ ሆቴል በአብዛኛው የሚሠራው ለመንገደኛ፥ ለነጋዴና ለስብሰባተኛ ስለ ሆነ ክፍሉ የሚበቃው ለአንድ ወይም ለሁለት ሰው ነው። ዐሥራ ሁለት ነፍስ ሆቴል ቢገባ ስድስት ክፍል ይይዛል፤ ምናልባትም አንዱ ሁለተኛ ፎቅ፥ ሌላው አምስተኛ ፎቅ ላይ ይደርሰዋል። ቀን በፓርኩ አብረው የዋሉት ልጆች ማታ በሊፍት ይለያያሉ፤ አያቲቱም ብቻቸውን ይቀራሉ።

የገንዘቡም ነገር እንደዚሁ ነው። ለሒሳብ ያህል የአንዱ ክፍል ዋጋ በሌሊት 2,000 ብር ነው ይባል። ስድስት ክፍል ለአራት ሌሊት 48,000 ብር ይሆናል። ዋጋው ታክስን የማይጨምር ከሆነ በዚህ ላይ 10 በመቶ የአገልግሎት፥ በድምሩም ላይ 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ሲታሰብ ክፍያው 60,720 ብር ይደርሳል። ብዙ ሰው የሚደነግጠው በዚህ ላይ ነው፤ የተነገረው ዋጋና በመጨረሻ የሚከፈለው ዋጋ በ12,720 ብር ይለያያሉና። በአንጻሩ አራት መኝታ ክፍል ያለው፥ ዕቃው የተሟላ ቤት በሌሊት 8,000 ብር ቢከራይ ለአራት ሌሊት 32,000 ብር ነው። ለምግብ ሠሪና ለዘበኛ 6,000 ብር ቢጨመር 38,000 ብር ይሆናል። ሆቴሉ ቁርስ ይሰጣል ቢባልም ቤት የተከራየው ሰው ለአርባ ስምንት ቁርስ በነፍስ ወከፍ 150 ብር፥ በጠቅላላው 7,200 ብር ቢያወጣ ድምሩ ከ45,200 ብር አያልፍም። ይህ ዋጋ ለምሳሌ የቀረበ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደለም፤ አቆጣጠሩ ግን ለማናቸውም ዋጋ ያገለግላል።

ሸጎሌ ስለ ምን ይመረጣል?

ሸጎሌ ለአዲስ አበባ ሰው ከሁሉ አስቀድሞ የሚታወቀው በቁም ከብት ገበያው ነው። በዓል ሲደርስ በጉም ሰንጋውም ወደዚያ ይነዳል። ይህ ነገር ከማረፊያው ጉዳይ ጋራ ግንኙነት የሌለው ይመስላል፤ ነገር ግን አለው። ከባሕር ማዶ የመጣው ልጅ ለልጆቹ ለማሳየት የሚመኘው አንበሳውን ብቻ አይደለም። አባወራው በግ ሲመርጥ፥ ላቱን ሲዳስስ፥ ሲከራከርና ሲገዛ፥ ቡና ሲፈላና ዶሮው ሲሠራ ጭምር ነው። በሆቴል ክፍል በግ አይታረድም፤ ቄጤማ ጎዝጉዞ ጎረቤት መጥራትም አይቻልም። ግቢ ያለው ቤት የያዘ እንግዳ ግን ከሠፈሩ ሰው ጋራ በቅርጫ ሊገባ ይችላል፤ አያቲቱም በእንግድነት ሳይሆን በቤት እመቤትነት ይውላሉ።

ሁለተኛው ምክንያት መንገዱ ነው። ከሸጎሌ ወደ እንጦጦ የሚወጣው ሰው የከተማውን መኻል ማቋረጥ አያስፈልገውም፤ በሽሮ ሜዳ በኩል ሲያልፍም የሸማኔውን ሥራ ያያል፥ ይገዛልም። ወደ አንድነት ፓርክ ለመሄድ ቢፈልግ በፒያሳ በኩል ወደ አራት ኪሎ ይወርዳል። ዐሥራ ሁለቱ ነፍስ በአንድ ሚኒባስ ስለሚጓዝ ማለዳ በጋራ ወጥቶ ማታ በጋራ ይመለሳል። ከሁሉም በላይ ግን የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ስላለው በታኅሣሥና በጥር ብርዱ የጠና መሆኑ ሊዘነጋ አይገባም። በተራራው ላይ ከሚያድር ይልቅ ቀን ወጥቶ ማታ ወደ ሸጎሌ የሚወርድ ቤተ ሰብ ሕፃናቱንና አረጋውያኑን ከብርድ ያድናል።

ቀብድ ከመከፈሉ በፊት

ቤት ፈላጊው ሊያጣራ የሚገባው ነገር ብዙ አይደለም፤ የተዘነጋ እንደ ሆነ ግን በዓሉን ያበላሻል። የመጀመሪያው ውኃ ነው። ዐሥራ ሁለት ሰው የሚታጠብበት ቤት ሮቶው ስንት ሊትር እንደሚይዝና ቧንቧው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ መጠየቅ ያስፈልጋል። ሁለተኛው የመታጠቢያ ቤቱ ቁጥር ነው፤ ስምንት አልጋ ኖሮት አንድ መታጠቢያ ብቻ ያለው ቤት ማለዳ ጠብ ያስነሣል። ሦስተኛው ለአረጋውያን ምድር ቤት ላይ መኝታ መኖሩ ነው። አራተኛው መብራት ሲጠፋ የሚተካ ጄኔሬተር ወይም ባትሪ መኖሩ ነው። አምስተኛው የግቢው በር ሚኒባስ የሚያስገባ መሆኑ ነው።

በደላላ የሚገኝ ቤትም በብርቱ ጥንቃቄ የሚያዝ ነው። ፎቶግራፍ አይቶ፥ ቀብዱን በስልክ ልኮ፥ ሻንጣውን ይዞ ሲመጣ ቤቱ ለሌላ ሰው የተከራየ፥ ወይም ከናካቴው የማይከራይ ሆኖ ያገኘው ሰው ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ገንዘብ ከመላኩ በፊት አንድ ዘመድ ቤቱን በዓይኑ ይየው፤ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ ይወቅ፤ የቀኑ ቁጥር፥ ዋጋውና ታክሱ፥ የደላላውም ድርሻ በማን ላይ እንደሚወድቅ በጽሑፍ ይሁን፤ ለቀብዱም ደረሰኝ ይቀበል። አከራዩም በበኩሉ የንግድ ፈቃድ ማውጣትና የእንግዶቹን መታወቂያ መመዝገብ ይገባዋል። ይህ ሥርዐት ከባድ ሸክም መስሎ የሚታየው ሰው ቢኖር፥ እምነት የጎደለው ቤት ሁለተኛ እንግዳ እንደማያገኝ ይገንዘብ።

የጊዜውም ምርጫ ዋጋን ይወስናል። ገና ታኅሣሥ 29 ቀን፥ ጥምቀት ጥር 11 ቀን ይውላል፤ ወዲያው በየካቲት የአፍሪካ ኅብረት የመሪዎች ጉባኤ ሲደርስ ሆቴሎች በልዑካን ይሞላሉ። በእነዚህ ጊዜያት ለመምጣት ያሰበ ብዙ ቤተ ሰብ ቤቱን አስቀድሞ መያዝ አለበት። ደግሞም ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ የሚወሰን ስለ ሆነ፥ ከባሕር ማዶ የሚከፍለው ሰው ውሉ በብር ይሁን በዶላር፥ በየትኛው ቀን ምንዛሪ እንደሚታሰብ አስቀድሞ ቢስማማ ከኋላ ጭቅጭቅ ይድናል።

ከአጥሩ ውጭ ያለው ንግድ

በመዝናኛ ፓርክ ዙሪያ ያለው የማረፊያ ንግድ ምን ያህል ጥቅም እንዳለው ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ ማንሣት ይበቃል። ዋልት ዲዝኒ እ.ኤ.አ. በ1955 ዲዝኒላንድን በካሊፎርኒያ አናሃይም ሲከፍት ገንዘቡ በፓርኩ ሥራ ስላለቀ ሆቴል ለመሥራት አልቻለም። ስለዚህ ሆቴሉን የሠራው ጃክ ራዘር የተባለ የቴሌቪዥን ፊልም ነጋዴ ሲሆን፥ ፓርኩ በሐምሌ እንደ ተከፈተ ሆቴሉ በጥቅምት እንግዳ መቀበል ጀመረ። በዙሪያውም የሌሎች ሰዎች ማረፊያ ቤቶች በቀሉ፤ እንግዳው ቀን ለፓርኩ፥ ማታ ለእነርሱ ከፈለ። ዲዝኒ ከዚህ ተምሮ በፍሎሪዳ 11,000 ሄክታር ያህል መሬት አስቀድሞ ገዛ። እርሱ ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1971 የተከፈተው ያ ሥፍራ ሆቴሎቹን ከፓርኩ ጋራ አጣምሮ የያዘ ነበር። ኩባንያው የመጀመሪያውን የአናሃይም ሆቴል ከባለቤቱ ለመግዛት የቻለው ግን እ.ኤ.አ. በ1988 ነው። ከአጥሩ ውጭ ያለው ጥቅም ቀድሞ ለሚያስብበት ሰው ነው ማለት ነው።

በአገራችንም ይህን የተገነዘቡ አሉ። በቢሾፍቱ ኩሪፍቱ ማረፊያውንና የውኃ መጫወቻውን በአንድ ሥፍራ አድርጎታል፤ ልጆች ሲዋኙ ውለው እዚያው ሊያድሩ ይችላሉ። በእንጦጦም በዚሁ ስም የሚጠራ የመዝናኛ ሥፍራ አለ። አቅሙ የፈቀደ ቤተ ሰብ ከአራቱ ሌሊት አንዱን በዚያ ቢያሳልፍ መልካም ነው። አቅሙ ያልፈቀደም ማለዳ ተነሥቶ በክፍያ መንገዱ ወደ ቢሾፍቱ ወርዶ ማታ ወደ ሸጎሌ ሊመለስ ይችላል።

የሸጎሌ ባለሱቅ ከዚህ የሚያገኘው ምንድን ነው ቢባል፥ ዐሥራ ሁለት ነፍስ በአራት ቀን የሚፈጀውን እንቁላል፥ እንጀራ፥ ከሰል፥ ቡና፥ ስኳርና የታሸገ ውኃ መቍጠር ይበቃል። አንድ ቤት ሲከራይ ሱቁ፥ አትክልት ሻጭዋ፥ እንጀራ ጋጋሪዋ፥ ልብስ አጣቢዋና ባለሚኒባሱ አብረው ይሠራሉ። አስመጪው ተጣጣፊ አልጋ፥ ፍራሽ፥ ብርድ ልብስና የውኃ ማሞቂያ ፈላጊ ያገኛል። ላኪውም ቢሆን ከዚህ አይርቅም። ወደ ዋሽንግተን የሚመለሰው ሰው የተቈላ ቡና፥ በርበሬ፥ ሽሮና የሽሮ ሜዳ ነጠላ ይዞ ስለሚሄድ፥ ዛሬ በሻንጣ የወሰደውን ነገ በሱቅ ይፈልገዋል። አስተሻሸጉ ንጹሕ፥ ሚዛኑ እውነተኛ ከሆነ ሻንጣው የመጀመሪያው ናሙና ነው።

ከሁሉ በፊት ግን የሚያስፈልገው ካፒታል ሳይሆን ስምምነት ነው። በአንድ ሠፈር የሚገኙ ሦስትና አራት ባለቤቶች ዋጋቸውን በግልጽ ጽፈው፥ ቤታቸውን አዘጋጅተው፥ አንዱ ሲሞላበት እንግዳውን ወደ ሌላው ቢመራው፥ ደላላው የሚወስደው ድርሻ ለእነርሱና ለእንግዳው ይቀራል። በበዓል ሰሞን ዋጋ እጥፍ አድርጎ አንድ ጊዜ ከመዝረፍ ይልቅ፥ በየዓመቱ የሚመለስ ቤተ ሰብ ማግኘት ትርፉ የሚበልጥ መሆኑን የቆየ ነጋዴ ሁሉ ያውቀዋል።

ያ ዐሥራ ሁለት ነፍስ ያለው ቤተ ሰብ በአራተኛው ሌሊት ሻንጣውን ሲያሥር፥ የዋሽንግተኑና የደብረ ብርሃኑ ልጆች በአንድ ክፍል ፍራሽ ዘርግተው ስለ አንበሳው ሲያወሩ፥ አያታቸውም በምድር ቤቱ ክፍል ሆነው ድምፃቸውን ሲሰሙ ቢያድሩ፥ ቤቱን ያከራየው ሰው የሸጠው የአልጋ ሌሊት ብቻ አይደለም። እንዲህ ያለው ዕቃ በአገራችን ገበያ ፈላጊው ብዙ፥ አቅራቢው ጥቂት ስለ ሆነ፥ በሸጎሌና በአካባቢዋ ያሉ ነጋዴዎች የሚመጣው በዓል ሳይደርስባቸው ሊያስቡበት ይገባል።