ጣሊያንን የተቃወሙ ጣሊያኖች

የአድዋ ሽንፈት ወሬ በ1896 ጣሊያን ሲደርስ ሕዝቡ አደባባይ ወጣ (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። ፓቪያ ላይ ወታደር የጫነ ባቡር እንዳይንቀሳቀስ ሐዲድ ተነቀለ። «ምኒልክ ይኑር» ብለው የጮኹም ነበሩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ክሪስፒ በቀናት ውስጥ ሥልጣን ለቀቀ። ስለ አድዋ ብዙ የምንተርክ እኛ ይህን የታሪኩን ክፍል እምብዛም አናነሣውም።

ሆኖም ብዙሃኑን ያስቆጣው በሐበሻ ላይ የተፈጸመው በደል አልነበረም። ራስ አሉላ በ1887 ዶጋሊ ላይ 500 ያህል የጣሊያን ወታደሮችን በደመሰሱ ማግስት፣ ሶሻሊስቱ እንደራሴ አንድሪያ ኮስታ ለአፍሪካው ዘመቻ አንድም ሰው አንድም ሳንቲም አይሰጥ ሲል በምክር ቤት ተሟግቶ ነበር። የሕዝቡም ጥያቄ ይኸው ነበር፦ ልጆቻችን ለምን ይለቁ? ገንዘባችን ለምን ይፍሰስ? ተገቢ ጥያቄ ነው። «እዚያ ያለውን ሰው ምን እያደረግነው ነው?» የሚለው ግን ከዚህ ይለያል፤ እሱን የጠየቁት ጥቂቶች ናቸው።

በ1935 ሙሶሊኒ ሲዘምት አገር ውስጥ የሚናገር አፍ አልቀረም። ተቃዋሚው ወይ እስር ቤት ነው፣ ወይ ስደት። ጦርነቱን ከፓሪስ ሆኖ ያወገዘው ካርሎ ሮሴሊ በ1937 ፈረንሳይ ውስጥ ከወንድሙ ጋር ተገደለ።

ከሁሉ ርቆ የሄደው ኢሊዮ ባሮንቲኒ ነው። የሊቮርኖ ሰው፣ ኮሚኒስት፣ ስፔን ውስጥ ፍራንኮን የተዋጋ ሰው ነበር። በ1938 መጨረሻ በሱዳን በኩል ጎጃም ገባ፤ ቀጥሎ ሮላና አንቶን ኡክማር የተባሉ ጓዶቹ ደረሱለት። አርበኞቹ ዘንድ ጳውሎስ፣ ጴጥሮስና ዮሐንስ ተባሉ። የደፈጣ ውጊያ አስተማሩ፤ «የሐበሾች ድምፅ» የተባለች ጋዜጣም በአማርኛና በጣሊያንኛ እያባዙ በተኑ። ኡክማር ስሎቬናዊ ነበር፤ የገዛ ወገኖቹ ቋንቋ በፋሺስቶች ታግዶ ነበርና የተገዥን ሕይወት ለማወቅ ጎጃም ድረስ መምጣት አላስፈለገውም። ባሮንቲኒ ወደ አገሩ ሲመለስ በሰሜን ጣሊያን የፀረ ፋሺስት ታጋዮች አዛዥ ሆነ። የእነዚህ ሦስት ሰዎች ስም በእኛ የትምህርት መጻሕፍት ከአርበኞቻችን ስም አጠገብ ሊሰፍር ይገባል።

ከጦርነቱ በኋላ ዝምታ ወረደ። «እኛ እኮ መንገድ ሠራን፣ ደግ ሰዎች ነበርን» የሚለው ተረት ሥር ሰደደ። ይህን የሰበረው ጋዜጠኛና የታሪክ ጸሐፊ አንጄሎ ዴል ቦካ ነው። በ1965 ባሳተመው መጽሐፍ ሠራዊቱ የመርዝ ጋዝ መጠቀሙን ጻፈ። የዘማች ማኅበራት ዘመቱበት፤ ራሱ በኢትዮጵያ የዘመተው ስመ ጥሩ ጋዜጠኛ ኢንድሮ ሞንታኔሊም ለዓመታት «ጋዝ አላየሁም» እያለ ሞገተው። ዴል ቦካና የታሪክ ምሁሩ ጆርጆ ሮሻ ግን የጦሩን ሰነድ ይዘው ጸኑ። በ1996 የመከላከያ ሚኒስትሩ የመርዝ ጋዝ ጥቅም ላይ መዋሉን አመነ፤ ሞንታኔሊም ተሳስቼ ነበር አለ። ለአንድ የእምነት ቃል 60 ዓመት!

ሞንታኔሊን ከዚያ ቀደም ብላ ያፋጠጠችው አስመራ የተወለደችው ኤልቪራ ባኖቲ ናት። በ1969 በቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ፣ ዘምቶ ሳለ ገዝቶ ስላገባት የ12 ዓመት ልጅ ጠየቀችው። አውሮፓ ውስጥ ቢሆን የ12 ዓመት ልጅ መድፈር ይባል ነበር ስትለው በቂ መልስ አልነበረውም። ስለ ወረራው ከተጻፉት ብዙ መጻሕፍት ይልቅ ያቺ አንዲት ጥያቄ የተበዳዩን ሰው ፊት ታሳያለች።

ይህን ታሪክ የመግለጡ ሥራ ለወጣቶቹም ተላልፏል። የታሪክ ተመራማሪው ማቴዮ ዶሚኒዮኒ የጦር ሰነድ ተከትሎ ሰሜን ሸዋ፣ ዘረት ዋሻ ደረሰ፤ በ1939 የተሸሸጉ አርበኞች ከነቤተሰባቸው በጋዝ የታፈኑበት ስፍራ ነው። ሮም የተወለደችው የሶማሌ ስደተኞች ልጅ ኢጃባ ሼጎ ደግሞ የከተማዋን የቅኝ ግዛት ዐሻራ በጽሑፎቿ ታነሣለች። ለምሳሌ ሐበሾች የሚሰባሰቡበት በቴርሚኒ ባቡር ጣቢያ ፊት ያለው አደባባይ ስሙ የተሰጠው ዶጋሊ ላይ ለሞቱት 500 ያህል ወታደሮች ነው።

በተቃራኒው አፊሌ የተባለች መንደር በ2012 ለፋሺስቱ የጦር መሪ ለግራዚያኒ መታሰቢያ አቆመች። የካቲት 12 የቅኝ ግዛት ሰለባዎች መታሰቢያ ቀን እንዲሆን በ2006 ለጣሊያን ምክር ቤት የቀረበው ረቂቅም ሕግ ሳይሆን ቀርቷል።