የመታጠቢያ ቤትን ወለል በኤሌክትሪክ መኪና ስለ ማጽዳት

የአንድን ቤት ንጽሕና ለማወቅ የሚወድ ሰው የእንግዳ መቀበያውን ክፍል ብቻ አይቶ ሊፈርድ አይገባውም። እንግዳ መቀበያው ከሰው ዓይን ፊት ስለሚውል ዘወትር ይጠረጋል፤ ይወለወላል፤ ምንጣፉም በየጊዜው ይራገፋል። የቤቱ እውነተኛ ጠባይ የሚታወቀው ግን በሩ ተዘግቶ በሚውለው በመታጠቢያ ቤቱ ነው። በዚያ ክፍል ሳሙናና እድፍ፣ ፀጉርና እርጥበት በአንድነት ይከማቻሉ፤ በንጣፉ መጋጠሚያ ሻጋታ ይበቅላል፤ ወለሉም ሲያሟልጭ ሽማግሌውን ይጥላል፤ ሕፃኑንም ያሰናክላል። ስለዚህ በዛሬው የቤተሰብ ገጻችን ይህን ወለል በኤሌክትሪክ ኃይል ስለሚያጸዱት መኪናዎች፣ ስለ አመራረጣቸውና ስለ አሠራራቸው ጥቂት ቃል ለአንባብያን ለማቅረብ ወደድን። መኪና ስንልም በመንገድ የሚሄደውን ሳይሆን እንደ ስፌት መኪና በቤት ውስጥ ሥራ የሚያግዘውን ማለታችን ነው።

በአብዛኛው ቤት ይህ ወለል እንዴት እንደሚታጠብ የማያውቅ የለም። ሠራተኛዪቱ ውሃ በባልዲ ታመጣለች፤ ኦሞና በረኪና ትጨምራለች፤ ከዚያም በጉልበቷ ተንበርክካ በቡርሽ ትፈገፍጋለች። ወለሉ ጠንካራ ነው፤ ቀዝቃዛና እርጥብም ነው። በየቀኑ በዚህ ዓይነት የሚንበረከክ ሰው ከጉልበቱ ሎሚ ፊት ያለችው ትንሽ ከረጢት ውሃ እየቋጠረች ታብጥበታለች፤ ሕመሙም መሄድንና መቀመጥን ያስቸግራል። እንግሊዞች ይህን በሽታ «የቤት ገረድ ጉልበት» ብለው መጥራታቸው በማን ላይ እንደሚበረታ ያስረዳል። በረኪናውም የእጇን ቆዳ ያደርቃል፤ ይሰነጥቃል፤ በጠባብ ክፍል ሲሆን ጉሮሮዋን ያቃጥላል። እኛ ንጹሕ ወለል ረግጠን ስንወጣ ይህን ሁሉ አናስበውም።

የቤት ማጽጃ መኪናም የተገኘው ከዚሁ ድካም ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1901 ዓ.ም. ሂዩበርት ሴሲል ቡዝ የሚባል እንግሊዛዊ መሐንዲስ አቧራን በአየር የሚስብ መኪና አወጣ፤ ነገር ግን መኪናው እጅግ ትልቅ ስለ ነበረ በፈረስ በሚሳብ ጋሪ ተጭኖ ከደጅ ይቆምና ረጅም ቱቦው በመስኮት ገብቶ ቤቱን ያጸዳ ነበር። ወደ ቤት ውስጥ የሚገባውን ቀላል መኪና ያበጀው ግን ጄምስ መሪ ስፓንግለር የተባለ አሜሪካዊ ነው። ይህ ሰው በኦሃዮ ግዛት በካንተን ከተማ የአንድ ትልቅ መደብር ጠራጊ ነበር፤ አስምም ነበረበትና ከምንጣፍ የሚነሣው አቧራ ትንፋሹን ያሳጥረው ነበር። ስለዚህ የማራገቢያ ሞተር፣ የመጥረጊያ እንጨትና የትራስ ልብስ አጋጥሞ አቧራውን ውጦ የሚያስቀር መኪና ሠራ። በ1908 ዓ.ም. የፈጠራውን መብት በሕግ ካስመዘገበ በኋላ ለዊልያም ሁቨር ሸጠው፤ መኪናውም በሁቨር ስም በዓለም ሁሉ ታወቀ። እንግዲህ ዛሬ በየቤቱ ለሚገኘው መኪና መነሻ የሆነው የአንድ ጠራጊ ሕመም መሆኑን ልብ ማለት ይገባል። መኪናን የሚገዛ ሰውም ይህን ቢያስታውስ በምርጫው አይሳሳትም።

ስለ መኪናው ዓይነት

በገበያ ያሉት መኪናዎች ስማቸው ብዙ ቢሆንም በአራት ወገን ይከፈላሉ።

መጀመሪያው ተሽከርካሪ ቡርሽ ነው። በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ ክብ ቡርሽ ተተክሎበት በባትሪ ኃይል በፍጥነት ይዞራል። ሰው ቆሞ ስለሚሠራበት መንበርከክን ያስቀራል። ቡርሾቹም ስለሚለዋወጡ ሰፊው ለወለሉ፣ ሹሉ ለማዕዘኑና ለንጣፉ መጋጠሚያ ያገለግላል። ጉድለቱ ያላቀቀውን ቆሻሻ ውሃ አለማንሣቱ ነው፤ ስለዚህ ከኋላው መወልወያ መከተል አለበት።

ሁለተኛው የእንፋሎት መኪና ነው። ውሃው በሆዱ ውስጥ ፈልቶ በእንፋሎት መልክ ይወጣና የደረቀ ሳሙናን፣ ቅባትንና እድፍን ያለ ምንም መድኃኒት ያላቅቃል። የበረኪና ሽታ ለሚከብደው ቤተሰብ ይህ ታላቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን እንፋሎቱ ሥጋን ያቃጥላልና ልጆች ባሉበት ሊሠራበት አይገባም፤ ኤሌክትሪክም አብዝቶ ይበላል።

ሦስተኛው ፈግፍጎ ውሃውን መልሶ የሚመጥ መኪና ነው። ሁለት ማጠራቀሚያ አለው፤ በአንዱ ንጹሑን ውሃ ያፈስሳል፤ በሁለተኛው ቆሻሻውን ይሰበስባል። ወለሉ ቶሎ ስለሚደርቅ ሰው አያዳልጥም። ሆኖም አፉ ሰፊ በመሆኑ ከመጸዳጃው መቀመጫ ኋላ አይደርስም፤ ከሥራም በኋላ ማጠራቀሚያውና ቡርሹ ካልታጠቡ ራሱ መኪናው ይከረፋል።

አራተኛው በትልልቅ ሆቴልና በሆስፒታል የሚታየው ከባድ መኪና ነው። ከበታቹ የሚዞረው ክብ ቡርሽ ብዙ ጊዜ 43 ሴንቲ ሜትር ያህል ስፋት አለው። ለረጅም ኮሪደርና ለአዳራሽ ብርቱ ረዳት ነው፤ ያልለመደው ሰው ሲይዘው ግን እጁን እየጎተተ ከግድግዳ ያጋጨዋል። ለመኖሪያ ቤት ጠባብ መታጠቢያ ክፍል አይስማማም።

ከእነዚህ ሌላ ተራው የአቧራ መሳቢያ አለ። ውሃ እንዲስብ ተለይቶ የተሠራ ካልሆነ በቀር ወደ እርጥብ ወለል ማቅረብ ፈጽሞ አይገባም፤ ውሃው ሞተሩ ዘንድ ደርሶ መኪናውንም ሰውንም ይጎዳልና።

ስለ አመራረጡ

ሊገዛ የሚወጣ ሰው ዋጋውን ከመጠየቁ በፊት አስቀድሞ የቤቱን ወለል ይመርምር። ወለሉ ሴራሚክ እንደ ሆነ ብርቱ ነውና ተሽከርካሪውንም እንፋሎቱንም ይችላል፤ የሚጎዳው መጋጠሚያው ነውና ሲሚንቶው የተፈረካከሰ ከሆነ አስቀድሞ ይጠገን። ሊሾ እንደ ሆነ ጠንካራ ቡርሽ ልስላሴውን ይፍቀዋልና ለስላሳው ይመረጥ። እምነ በረድ እንደ ሆነ ደግሞ ይበልጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ይህ ድንጋይ በባሕርዩ ከኖራ ድንጋይ ጋር አንድ ወገን ስለ ሆነ ሎሚና ኮምጣጤ እንኳ ይበሉታል፤ አንጸባራቂነቱንም ያጠፉታል። ለእርሱ ለስላሳ ቡርሽ፣ ለብ ያለ ውሃና ቀላል ሳሙና ይበቃዋል፤ እንፋሎትም ቢቀርበት ይሻላል።

ሁለተኛ፣ የውሃውንና የመብራቱን ነገር ያስብ። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የሚደርሰው ሰፈር ብዙ ነው፤ መብራትም በድንገት ይጠፋል። ስለዚህ ውሃ የሚቆጥብና በባትሪ የሚሠራ መኪና ለብዙው ቤት ይመቻል። በሽቦ የሚሠራውን የሚመርጥ ሰው ደግሞ የመኪናውን ኃይል ይመልከት። 1500 ዋት የሚበላ የእንፋሎት መኪና በ220 ቮልት ላይ 7 አምፔር ያህል ይስባል፤ ስለዚህ እንጀራ በኤሌክትሪክ ምጣድ በሚጋገርበት ሰዓት አብሮ ማሠራት መስመሩን ማስጨነቅ ነው። በቀጭን ማከፋፈያ ላይ መሰካትም ሽቦውን አግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ሦስተኛ፣ መኪናውን የሚይዘው ማን እንደ ሆነ ያስብ። ገዢው በሱቅ ውስጥ አንሥቶ ቀላል ነው ይላል፤ ነገር ግን እርሱ የሚያነሣው አንድ ጊዜ ነው፤ ሠራተኛዪቱ ግን ዘወትር ፎቅ ላይ ታወጣዋለች፤ ታወርደዋለች። ስለዚህ የምትሠራበት ሰው አብራ ሄዳ ዘንጉን ጨብጣ፣ በቁመቷ ልክ መሆኑን አይታ ብትመርጥ ይሻላል። አራተኛ፣ መለዋወጫ ቡርሽና ባትሪ በአገር ውስጥ መገኘቱን ሳያረጋግጥ ገንዘቡን አይክፈል።

ስለ ኤሌክትሪክ አደጋ

ውሃና ኤሌክትሪክ በአንድ ክፍል ሲገናኙ ቸል ማለት ሕይወትን ያስከፍላል። የሰው ቆዳ ደረቅ ሲሆን ኤሌክትሪክን በመጠኑ ይከላከላል፤ ሲረጥብ ግን መከላከያው እጅግ ይደክማል። 0.03 አምፔር፣ ማለት ከአንዲት ትንሽ አምፖል የሚያንስ ኃይል፣ በሰውነት ውስጥ ካለፈ ለሕይወት ያሰጋል። ስለዚህ ኤሌክትሪክ ወደ ሰው ወይም ወደ ውሃ ሲያመልጥ በቅጽበት የሚቆርጥ መከላከያ ከቆጣሪው አጠገብ በባለሙያ ይተከል፤ የመሬት ሽቦውም መኖሩ ይመርመር። የተላጠ ሽቦ ያለው መኪና በመታጠቢያ ቤት አይሠራበት። መሰኪያው በእርጥብ እጅ አይነካ፤ ባትሪውም ከመታጠቢያ ቤት ውጭ በደረቅ ስፍራ ይሞላ።

በመኪናው ላይ የተጻፈውንም ምልክት ማንበብ ያስፈልጋል። «አይፒኤክስ 4» የሚለው ከየአቅጣጫው የሚረጭ ውሃን ይችላል ማለት ነው፤ «አይፒኤክስ 7» የሚለው ደግሞ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውሃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ቢቆይ ውሃ አይገባውም ማለት ነው። ምልክት የሌለውን ወደ እርጥብ ስፍራ ከማስገባት መከልከል ይበጃል።

ስለ አሠራሩ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደሚባለው በዚህ ሥራ ቅደም ተከተልን መጠበቅ ይገባል። በመጀመሪያ መስኮቱና በሩ ይከፈት፤ ምንጣፉና ባልዲው ይውጣ፤ ፀጉርና አቧራ በደረቁ ይጠረግ። ፀጉሩ ካልተጠረገ በቡርሹ ላይ ተጠምጥሞ ሞተሩን ያንቀዋል። ከዚያ ሳሙና ያለበት ውሃ በጥቂቱ ይፍሰስና 5 ደቂቃ ያህል ይቆይ፤ እድፉ እስኪርስ መታገሥ የመኪናውንም የሰውንም ድካም ያቀልላልና። ሥራው ከክፍሉ ውስጠኛ ማዕዘን ተጀምሮ ወደ በሩ ይምጣ፤ እንዲህ ከሆነ የጸዳው ተመልሶ አይረገጥም። መኪናው በራሱ ክብደት ይሂድ እንጂ በኃይል አይጫኑት፤ የተጫኑት ቡርሽ ጠጉሩ ይተኛል፤ ማጽዳቱንም ይተዋል። በመጨረሻም ወለሉ በንጹሕ ውሃ ይለቅለቅ፤ በጎማ መጥረጊያ ውሃው ወደ ማፍሰሻው ይገፋ፤ በደረቅ ጨርቅ ይወልወል። ሻጋታ የሚኖረው በእርጥበት ነውና ማድረቅ ከመፈግፈግ የማያንስ ሥራ ነው።

ስለ መድኃኒቱ አንድ ብርቱ ማስጠንቀቂያ አለን። በረኪናን ከመጸዳጃ ማጽጃ አሲድ ወይም ከኮምጣጤ ጋር ማደባለቅ ክሎሪን የሚባለውን መርዘኛ ጋዝ ያስነሣል፤ አሞኒያ ካለበት ማጽጃ ጋር ማደባለቅም ሌላ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጠባብ ክፍል ውስጥ ይህን የሳበ ሰው ሳንባው ይጎዳል። ሁለት መድኃኒት ቢደባለቅ ይበረታል የሚለው አሳብ ብዙውን ሰው ያሳሳተ ነው። በእንፋሎት መኪና ሆድ ውስጥም ከውሃ በቀር በረኪናም ሆነ ሌላ ነገር አይጨመር። ድንገት ሽታው ጉሮሮን የያዘ እንደ ሆነ ሁሉን ትቶ ወደ ንጹሕ አየር መውጣት፣ ሕመሙ ከበረታም ወደ ሐኪም መሄድ ያስፈልጋል።

ስለምትሠራበት ሰው

ይህን ሁሉ ስንጽፍ የራሳችንን ስሕተት ልንሰውር አንወድም። ከጥቂት ዓመት በፊት ተሽከርካሪ ቡርሽ ገዝተን ወደ ቤት አመጣንና ለብዙ ዘመን ላገለገለችን ሠራተኛ «ሥራሽን ያቀልልሻል» ብለን ሰጠናት፤ እኛም ወደ ጉዳያችን ሄድን። ከሁለት ወር በኋላ መኪናውን ከነካርቶኑ ዕቃ ቤት አገኘነው፤ እርሷ ግን እንደ ቀድሞው ተንበርክካ ትፈገፍግ ነበር። የቤቱ እመቤት ምክንያቱን ብትጠይቃት አንገቷን ደፍታ፣ «እትዬ፣ ቢሰበርብኝ ከደመወዜ የሚቆረጥ መሰለኝና ፈራሁ» አለች።

ይህ ቃል እጅግ አሳፈረን። በገንዘባችን መኪናውን ገዝተን ሳለ ሁለት ነገር ሳንሰጣት ቀርተናል፤ አንደኛው ትምህርቱን፣ ሁለተኛው መተማመኛውን ነው። እመቤቲቱም፣ «የኔ እናት፣ ዕቃ ቢሰበር ዕቃ ነው፤ ጉልበትሽ ከተሰበረ ግን ከየት እንገዛልሻለን?» ብላ በዚያው ቀን ከእርሷ ጋር ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገባች። መኪናውን አብረው ከፈቱ፤ ባትሪውን አብረው ሞሉ፤ ከበሩ ኋላ በማይታይ ስፍራ ላይ አብረው ሞከሩት። ብዙም ሳይቆይ ሠራተኛዪቱ እኛ ያላስተዋልነውን ነገር አስተዋለች፤ ነጩ ቡርሽ የሊሾውን ልስላሴ እየፋቀው መሆኑን አሳይታን ለስላሳው እንዲገዛ አደረገች። ከዚያ ወዲህ በቤታችን ስለ ወለል የሚጠየቀው እርሷ ናት።

ስለዚህ ክቡራን አንባብያን ሆይ፣ የመታጠቢያ ቤታችሁን በመኪና ለማጽዳት ስትወስኑ ወለሉን መርምራችሁ ግዙ፤ ኤሌክትሪኩን አስፈትሻችሁ አሠሩ፤ መድኃኒቱን ሳታደባልቁ ተጠቀሙ። ከሁሉም በላይ ግን መኪናውን ለምትይዘው ሰው አሠራሩን በትዕግሥት አስተምሩ፤ ስሕተት ብታደርግም እንደማትቀጡአት አስቀድማችሁ ንገሯት። እንዲህ የሆነ እንደ ሆነ ወለሉም ይነጻል፤ ያጸዳችውም ሰው ማታ ወደ መኝታዋ ስትሄድ ጉልበቷን ሳትይዝ ትሄዳለች።