ቀለበት ፍለጋ ቴምዝ ወንዝ ወርጄ…

ከእጮኛዬ ጋር ተጣልተን ነበር። ለንደን ብሪጅ አጠገብ ወንዙ ዳር ቆመን ቃላት ስንወራወር ቀለበቷን ከጣቷ አወለቀችና ወደታች ወረወረችው። ውሃው ሸሽቶ ስለነበር ጠጠሩ ላይ ሲያርፍ አይቻለሁ። ታዲያ ምን ላድርግ? የድንጋይ ደረጃውን እየዘለልኩ ወረድኳ!

ጎንበስ ብዬ ስፈልግ ምን ያህል እንደቆየሁ አላውቅም። ያነቃኝ የእሷ ጩኸት ነው። ቀና ስል የወረድኩበት ደረጃ ግርጌ በውሃ ተውጧል። እስከ ጉልበቴ እየተዘፈቅኩ፣ ድንጋዩ እያንሸራተተኝ እንደምንም ወጣሁ። ባዶ እጄን!

እንግዲህ አባይንና አዋሽን አይተን ላደግን ሰዎች ወንዝ ወደ አንድ አቅጣጫ ነው የሚሄደው። ቴምዝን ግን ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ወደኋላ ይገፋዋል። ለንደን ብሪጅ ዘንድ በጉድለቱና በሙላቱ መካከል ያለው ልዩነት እስከ 7 ሜትር ይደርሳል። አንድ ፎቅ ቤት በሉት።

ለዓመታት በፈቃድ እዚያ ዕቃ ሲፈልግ የኖረ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ታሪኬን ሰምቶ ራሱን ነቀነቀ። የመከረኝን እነሆ፦

ፈቃድ፦ ከቴዲንግተን እስከ ቴምዝ ባሪየር ዳርቻው ላይ ለመፈለግ፣ በዓይን ብቻ ቢሆንም እንኳ፣ የለንደን ወደብ ባለሥልጣን ፈቃድ ግድ ነው። ከሌላችሁ ያለውን ሰው ለምኑ።

ሰዓት፦ የሙላትና የጉድለት ሠንጠረዥ አለ። ውሃው እየሸሸ ሳለ ውረዱ፤ መመለስ ሳይጀምር ውጡ። ከመጋቢት መጨረሻ ጀምሮ የእንግሊዝ ሰዓት በአንድ ሰዓት ወደፊት ስለሚገፋ ሠንጠረዡ ያንን መቁጠሩን አረጋግጡ። ከአበሻ ጋር ከተቀጣጠራችሁ ደግሞ በፈረንጅ ይሁን በእኛ ሰዓት ቁርጡን ተነጋገሩ። ስድስት ሰዓት ከተሳሳታችሁ ጎደለ ያላችሁት ውሃ ሞልቶ ይጠብቃችኋል!

መውጫ፦ ከመውረዳችሁ በፊት ሁለት ደረጃዎች ለዩ። ወደ አንዱ የሚወስደው መንገድ ቀድሞ ሊዘጋ ይችላል።

ጓደኛ፦ ብቻችሁን አትሂዱ። የት እንዳላችሁና መቼ እንደምትመለሱ ለሰው ንገሩ፤ ስልክ ያዙ። ችግር ከመጣ 999 ደውላችሁ የባሕር ዳርቻ ጠባቂ በሉ።

ጤና፦ ቦት ጫማና ጓንት አይቅር፤ ቁስል ካላችሁ ሸፍኑት። በአይጥ ሽንት የሚተላለፍ በሽታ አለ፤ ከባድ ዝናብ ሲጥል ደግሞ የፍሳሽ ቆሻሻ ወንዙ ውስጥ ይገባል። እጃችሁን ሳትታጠቡ ምንም አትቅመሱ። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ ወንዝ መውረዳችሁን ለሐኪም ሳትደብቁ ንገሩ።

በሳምንቱ ባልደረባዬ ከጓደኛው ጋር ወረደልን። እኛ ላይ ቆመን ሰዓት እንቆጥራለን። ቀለበቱ አልተገኘም። ይቅርታ ልጠይቃት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፦

«ቀለበትስ ይገዛል። ያን ዕለት አንተ ብትቀር ለእናትህ ምን ብዬ ልደውል ነበር?»

ታረቅን። አሁንም አልፎ አልፎ እንጣላለን፤ ግን ከወንዝ ራቅ ብለን ነው።