በአካል ላላየነው ሰው ለምን እናዝናለን?

ከመስቀል አደባባይ ተነስታችሁ ወደ ካዛንቺስ በእግራችሁ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? በዚያ መንገድ ላይ ብዙ የቆርቆሮ አጥር አለ። በአጥሩ ላይ ደግሞ ገና ያልተሠራ ሕንፃ ሥዕል ተለጥፏል። መስታወቱ ያብረቀርቃል፣ ዛፉ አረንጓዴ ነው፣ እናት ልጇን በጋሪ እየገፋች ትሄዳለች። ከአጥሩ ጀርባ ግን ያለው ጉድጓድና ብረት ነው። ያንን ሥዕል የሠራው ማን እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? እኔም አልጠየቅኩም ነበር። የማርኬቲንግ ባለሙያ ነኝ፤ እንዲህ ዓይነት ሥዕሎችን አዝዤ የማሠራው ደግሞ እኔው ራሴ ነኝ።

እንድጠይቅ ያደረገኝ በቤታችን የተፈጠረ አንድ ነገር ነው። እስቲ ከመጀመሪያው ላጫውታችሁ።

ለማን ነው የምታለቅሰው?

ጊዜው የካቲት 2004 ዓ.ም. ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነበርኩ፤ ታናሽ ወንድሜ ዘጠነኛ ክፍል። ወንድሜ የ"ስታር ዋርስ" ፊልም እብድ ነበር። ከሰፈራችን ሲዲ ቤት እየተከራየ ደጋግሞ ያያል፤ የሒሳብ ደብተሩ ከኋላ በኩል በመንኮራኩርና በሮቦት ተሞልቷል። አንድ ቀን ከኢንተርኔት ካፌ ሲመለስ ፊቱ ልክ አልነበረም። ምሳውን ገፋ አድርጎ ተቀመጠ።

"ምነው ልጄ፣ ማን ሞተብህ?" አለች እናቴ ደንግጣ።

"አንድ ሠዓሊ።"

"ዘመድ ነው እንዴ?"

"አይ እማዬ፣ ፈረንጅ ነው።"

ሁላችንም ሳቅን። አባቴ ግን ለቀልድም ቢሆን አልፈገገም። "ለፈረንጅ እንዲህ ካዘንክ፣ ለሒሳብ ውጤትህማ ድንኳን መትከል አለብን" አለው። ወንድሜ ተነስቶ ወደ ክፍሉ ገባ።

የሞተው ሰው ራልፍ ማክዋሪ ይባላል። የካቲት 24 ቀን 2004 ዓ.ም. በ82 ዓመቱ በካሊፎርኒያ አረፈ። መጀመሪያ በቦይንግ ኩባንያ ውስጥ የአውሮፕላን ክፍሎችን የሚስል ባለሙያ ነበር፤ ሰው ወደ ጨረቃ በሚጓዝበት ዘመን ደግሞ ለሲቢኤስ ቴሌቪዥን ዜና የአፖሎን ጉዞ ይስል ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. ጆርጅ ሉካስ የሚባል ወጣት ዳይሬክተር በጭንቅላቱ ብቻ ያለ ፊልም ይዞ መጣ። ስቱዲዮዎቹ ደግሞ በወረቀት የተጻፈውን ሲያነቡ ነገሩ አልገባ ብሏቸው ነበር። ማክዋሪ የፊልሙን ትዕይንቶች በቀለም ሣለለት። ሉካስ ሥዕሎቹን ይዞ ቀረበ፤ ፊልሙን ለመሥራት ገንዘብ እንዲፈቀድ ከረዱት ነገሮች አንዱ እነዚያ ሥዕሎች ነበሩ።

ፊልሙን ያየ ሁሉ የሚያስታውሰው ጥቁር ጭንብል ለብሶ ሲተነፍስ የሚያስፈራው ዳርዝ ቬደር አለ አይደል? የጭንብሉ ሐሳብ የማክዋሪ ነው። ገጸ ባሕርዩ አየር በሌለበት ሕዋ ከአንዱ መንኮራኩር ወደ ሌላው ይሻገራል የሚል ነገር በጽሑፉ ላይ ሲያነብ "ታዲያ በምን ይተነፍሳል?" ብሎ ጠየቀ፤ መልሱንም ራሱ ሣለው። ሉካስ ከሠዓሊው ሞት በኋላ ሲናገር፣ ሐሳቡን በቃላት ማስረዳት ሲያቅተው ከማክዋሪ ሥዕሎች አንዱን እያሳየ "እንዲህ አድርጉት" ይል እንደነበር አስታውሷል።

በመላው ዓለም ያሉ የፊልሙ ወዳጆች እንደ ወንድሜ አዘኑ። አብዛኞቹ መልኩን እንኳ በፎቶ እንጂ በአካል አላዩትም። ሐዘናቸውን የገለጹት ሥዕሎቹን እየተቀባበሉ በማሳየት ነበር። ይህን ያወቅኩት ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው፤ ያኔ ሥራዬ መሳቅ ብቻ ነበር።

የሕማማቱ ማክሰኞ

ከዚያ ልክ በ38ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 2 ቀን፣ ሌላ ሞት ተሰማ። ዕለቱ የሰሞነ ሕማማት ማክሰኞ ነበር። የዓለም ሎሬት ሜትር አርቲስት አፈወርቅ ተክሌ አረፉ። አባቴ ወሬውን ሲሰማ ሬዲዮኑን ድምፁን ቀነሰና እጁን ጉንጩ ላይ አድርጎ ቁጭ አለ። ብዙ ቆየ።

ወንድሜ ከበሩ ላይ ሆኖ አየው። "አባዬ፣ ዘመድ ናቸው እንዴ?" አለው።

እናቴ "ኧረ አንተ ልጅ!" ብላ ልትቆጣ ነበር። አባቴ ግን ቀና ብሎ አየውና፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚያ ጉዳይ ሳቀ። "ና ቁጭ በል" አለው።

ያን ቀን ነው አባታችን ሥዕል ይስል እንደነበር የሰማነው። ተማሪ ሳለ ከትምህርት ቤቱ ጋር ወደ አፍሪካ አዳራሽ ተወስዶ ነበር። ከመግቢያው ላይ የቆመው ባለቀለም መስታወት የፀሐይ ብርሃን ሲያርፍበት ወለሉን ሁሉ ቀለም አልብሶት አየ። ጫማዬ ላይ ቀይ፣ እጄ ላይ ቢጫ ወደቀብኝ ይላል። ቤቱ ሲመለስ ያንን በደብተሩ ጀርባ መሞከር ጀመረ። አያቴ አዩትና "ይሄ እንጀራ አይሆንህም" አሉት። ተወው። ሒሳብ ሠራተኛ ሆኖ ጡረታ ወጣ።

ፊልሙ ሳይቀረጽ

አፈወርቅ ተክሌ ጥቅምት 12 ቀን 1925 ዓ.ም. በአንኮበር ተወለዱ። በ1947 እ.ኤ.አ. በ15 ዓመታቸው ገደማ ወደ እንግሊዝ ሀገር ሲላኩ እንዲማሩ የታሰበላቸው የማዕድን ምህንድስና ነበር። አዎ፣ ምህንድስና! ነገር ግን ስሜታቸው ወደ ሥዕል አደላ፤ ለንደን ውስጥ ሥነ ጥበብ ተማሩ፤ በታዋቂው የስሌድ ትምህርት ቤትም የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪ ሆኑ። በ1954 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የመጀመሪያውን የግል ትርኢታቸውን አሳዩ። ከዚያም ወደ አውሮፓ ተመልሰው ባለቀለም መስታወት እንዴት እንደሚነደፍ ተማሩ፤ እግረ መንገዳቸውንም በአውሮፓ ቤተ መጻሕፍት የሚገኙትን ጥንታዊ የኢትዮጵያ የብራና ሥዕሎች አጠኑ።

አፍሪካ አዳራሽን የነደፈው ጣሊያናዊው አርክቴክት አርቱሮ ሜዜዲሚ ነው፤ አዳራሹ በ1953 ዓ.ም. ተመረቀ። የአፈወርቅ የመስታወት ሥራ በአዳራሹ መግቢያ 150 ካሬ ሜትር ይሸፍናል። ሦስት ክፍል አለው፤ የአፍሪካን ያለፈ ዘመን፣ ትግሏንና የወደፊት ተስፋዋን ይናገራል። የባርነትና የቅኝ ግዛት ጨለማ አለበት፤ ዘንዶ አለበት፤ ችቦ ይዞ ከፊት የሚሄድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ አለበት።

አሁን ቀኑን ልብ በሉልኝ። ሠዓሊው ይህን ሲነድፉ አብዛኛው አፍሪካ ገና ነጻ አልወጣም ነበር። 17 የአፍሪካ ሀገሮች ነጻነታቸውን ያገኙት በ1960 እ.ኤ.አ. በአንድ ዓመት ውስጥ ነው፤ ሌሎቹ ገና ይታገሉ ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የሚባል ነገር ደግሞ አልነበረም። የሀገር መሪዎች ተሰብስበው ድርጅቱን የመሠረቱት በዚያው አዳራሽ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ነው። 32 መሥራች ሀገሮች ነበሩ። ፊልሙ ሳይቀረጽ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ ቆሞ ይጠብቃቸው ነበር ማለት ነው።

ወንድሜ ይህን ሲሰማ ብድግ አለ። "ስታር ዋርስ የወጣውም በዚያው ቀን ነው!" አለ። እውነቱን ነው፤ የመጀመሪያው ፊልም ለሕዝብ የታየው ከ14 ዓመት በኋላ ግንቦት 17 ቀን 1969 ዓ.ም. ነበር። ነገሩ አጋጣሚ ነው፤ ግን አባቴና ወንድሜ ዛሬም ድረስ ግንቦት 17 ሲመጣ ይደዋወላሉ።

ለቅሶ የሚደረስበት ቤት

ቀብራቸው በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተፈጸመ። አባቴ ወንድሜን ይዞት ሄደ። ከቀብር መልስ በቀጥታ ወደ ቤት አልመጡም፤ በአፍሪካ አዳራሽ አጥር በኩል ዞረው መጡ። ወንድሜ ሲመለስ ቅር ብሎት ነበር። "ከውጭ ሲያዩት ጥቁር ነው እኮ፣ ምንም አይታይም" አለኝ። ባለቀለም መስታወት ጠባዩ እንዲያ ነው፤ ቀለሙን የሚሰጠው ከውስጥ ሆኖ ብርሃኑን ለሚያይ ሰው ነው።

እኛ ዘንድ ሰው ሲሞት የሚሠራው ሥራ ይታወቃል። ድንኳን ይተከላል፣ ዕድር ይጠራል፣ "ነፍስ ይማር" ይባላል፣ ሐዘንተኛው አጠገብ ዝም ብሎ ይቀመጣል። ላላየነው ሰው ስናዝን ግን የምንሄድበት ቤት የለም፤ "እግዚአብሔር ያጥናችሁ" የምንለው ሰውም የለም። ወንድሜ ያን ቀን ምሳውን ገፍቶ ሲቀመጥ የጎደለው ይሄ ነበር። አባቴ ያገኘለት መልስ ቀላል ነው፤ ሠዓሊ ሲሞት ለቅሶ የሚደረሰው ሥራው ያለበት ቦታ ነው።

የማክዋሪ ወዳጆችም ያደረጉት ይህንኑ ነው። በሞተ በሁለተኛው ዓመት የጀመረ "ስታር ዋርስ ሬብልስ" የሚባል የአኒሜሽን ተከታታይ ፊልም፣ በመጀመሪያው ፊልም ላይ ሳይሠራባቸው የቀሩ የድሮ ንድፎቹን አውጥቶ ተጠቀመባቸው። ከመሳቢያ የወጣ ሥዕል እንደገና ነፍስ ዘራ።

ከ12 ዓመት በኋላ

አፍሪካ አዳራሽ ለዓመታት ታድሶ ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ አንቶኒዮ ጉተሬዝ በተገኙበት ዳግም ተከፈተ። የአፈወርቅ መስታወቶችም ታድሰዋል። በማግስቱ ጥቅምት 12 ነው፤ ሠዓሊው በሕይወት ቢኖሩ 92 ዓመት የሚሞላቸው ቀን።

እኔ የገባሁት ከዚያ በኋላ በሥራ ምክንያት ለአንድ ስብሰባ ነው። ጠዋት ነበር። መግቢያው ላይ ስደርስ እግሬ ቆመ። ከኋላዬ የሚመጡት ሰዎች "ይቅርታ" እያሉ ያልፉኛል። የጫማዬ አፍንጫ ቀይ ሆኗል። አባቴ የነገረን ነገር ሁሉ እውነት ነበር።

ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁና ለወንድሜ ላክሁለት። ወንድሜ አሁን ምህንድስና ተመርቆ ገና ያልተሠሩ ሕንፃዎችን በኮምፒውተር ይስላል። በየአጥሩ ላይ የምታዩዋቸውን ዓይነት ሥዕሎች ማለቴ ነው። መልሱ ወዲያው መጣ። "ስማቸው ከሥር ተጽፏል?"

ያ ጥያቄ ከስብሰባው ይልቅ አእምሮዬን ያዘው። እኔ በሥራዬ ስንት ሥዕል አሠርቻለሁ? ባነር ላይ የድርጅቱ ዓርማ አለ፣ ስልክ ቁጥሩ አለ፣ የባንክ ሒሳቡ ሳይቀር አለ። የሠዓሊው ስም ግን አንድም ቀን የለም። ሰውየው ከሞተ በኋላ "ለካ እሱ ነበር!" እንድንል ካልሆነ በቀር ስሙን የምናውቅበት መንገድ አላበጀንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር ልለምናችሁ። የመጀመሪያው ለወላጆች ነው። የልጃችሁን ደብተር ከኋላ በኩል ግለጡት። ሥዕል ካገኛችሁ ከመቆጣታችሁ በፊት "ይሄ ምንድን ነው?" ብላችሁ ጠይቁት። ሒሳቡን ይተው አላልኩም፤ ማክዋሪም የአውሮፕላን ክፍል በመሣል ነው እንጀራውን የጀመረው፤ ወንድሜም ሒሳቡን ተምሮ ነው የሚስለው። ቅዳሜ ወይም እሑድ ፒያሳ ወደ ቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ውሰዱትና የአፈወርቅን ሥራዎች አሳዩት። አፍሪካ አዳራሽ በተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ስለሆነ አስቀድማችሁ ጠይቁና መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ ብርሃን ባለበት ሰዓት ይሁን።

ሁለተኛው እንደ እኔ ሥዕል ለሚያሠሩ ሰዎች ነው። የሠሪውን ስም ጻፉ። ወጪ የለውም።

ባለፈው ወር ካዛንቺስ አካባቢ ለሚሠራ አንድ ሕንፃ ባነር አሳትመን ነበር። ከታች በቀኝ ጥግ በትንሽ ፊደል የሣለችውን ልጅ ስም አስገባሁ። አለቃዬ "ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለኝ። "የሠራችው ልጅ ናት" አልኩት። ትንሽ አሰበና ፈረመልኝ። ልጅቷ በማግስቱ እናቷን ይዛ መጥታ ከቆርቆሮው አጥር ፊት ቆመው ፎቶ እንደተነሡ ዘበኛው ነገረኝ።